አንድ ቤት፣ አራት ዋጋ



በመሐል ሜዳ ከተማ ዋና መንገድ ዳር የቆመ ቤት ስንት ያወጣል? መልሱ እንደ ጠያቂው ይለያያል። ባለቤቱ ከባንክ ሊበደር ሲነሳ ቤቱ ውድ ነው፤ ለመያዣ የሚገምተው መሐንዲስ ሲመጣ አጥሩ፣ ሰርቪሱ፣ የውኃ ታንከሩ ሳይቀር ይቆጠርለታል። መንገድ ሊሰፋ ነው ተብሎ ለካሳ ሲገመት ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ተሽጦ ስም ሲዛወር ግን ዋጋው በአንድ ሌሊት ይወርዳል። የግብር ገማች በሩን ሲያንኳኳማ «ይቺም ቤት ተብላ!» ይባላል።

ለዚህ ባለቤቱን ብቻ መውቀስ አይገባም። ስም ዝውውሩ ብቻ ቢታይ፣ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ለንግድ ያገለገለ ሕንፃ ሲሸጥ ከተገኘው ጥቅም ላይ 15 በመቶ ግብር ይከፈላል። የቴምብር ቀረጥም አለ። ሻጭም ገዢም በውሉ ላይ ያነሰ ዋጋ ቢሰፍር ይጠቀማሉ፤ ስለዚህ ያነሰው ይሰፍራል። ነገ ገማች መጥቶ «ጎረቤትህ ያለው አምሳያ ቤት በስንት ተሸጠ?» ብሎ መዝገብ ቢያገላብጥ የሚያገኘው እውነተኛውን ዋጋ ሳይሆን ሁለት ሰዎች የተስማሙበትን ቁጥር ነው።

ስለ ንብረት ግብር የሚነሳው ጭቅጭቅ ብዙውን ጊዜ ስለ ምጣኔው ይመስላል፤ አንድ በመቶ በዛ፣ ግማሽ በመቶ ይበቃል ይባላል። ውስጡ ሲታይ ግን ጠቡ ከመቶኛው በፊት በሚመጣው ቁጥር ላይ ነው፤ በግምቱ ላይ። ማን ገመተው? በምን ለካው? ባለቤቱ ያንኑ ሒሳብ ራሱ ሠርቶ ሊያረጋግጠው ይችላል ወይ? የዛሬው ዲስኩር ይህን ጥያቄ ይዞ በሕጉ፣ በሌሎች አገሮች ልምድና በመንዝ የድንጋይ ቤት ዙሪያ ይሽከረከራል።

ነገሩ የሚጀምረው ከአብዮቱ ዘመን ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። በተከታዩ ዓመት፣ በ1968፣ የከተማ ቦታ ኪራይና የከተማ ቤት ግብር አዋጅ ቁጥር 80 ወጣ። በሕዝቡ አፍ «የጣሪያና ግድግዳ ግብር» የሚባለው ከዚህ አዋጅ የመጣ ነው። ሕጉ ቤቱንና ቦታውን ለያይቶ ያያል። ለቦታው በካሬ ሜትርና በቦታው ደረጃ ኪራይ ይከፈላል። ለቤቱ ደግሞ ዓመታዊ የኪራይ ግምት ይወጣለትና በዚያ ላይ ከ1 እስከ 4.5 በመቶ እያደገ የሚሄድ ግብር ይጣልበታል። ባለቤቱ ራሱ ቢኖርበትም ያው ነው፤ ገማቹ የሚጠይቀው «ቢከራይ ስንት ያወጣ ነበር?» ብሎ ነው።

ይህ ሠንጠረዥ የተሠራበት ዘመን ኪራይ ምን ያህል እንደነበር ለማወቅ ከአዋጅ 47 አንድ ነገር ማስታወስ ይበቃል። በወር እስከ 100 ብር የሚከራዩ የተወረሱ ቤቶች ለቀበሌ፣ ከ100 ብር በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ነበር የተሰጡት። 100 ብር የትንሽና የትልቅ ቤት ድንበር ነበረች ማለት ነው።

አሁን ትንሽ ሒሳብ። በዚያን ጊዜ በወር 50 ብር ያወጣል ተብሎ የተገመተ ቤት አለ እንበል። የዓመቱ 600 ብር ይሆናል፤ በዝቅተኛው 1 በመቶ ሲሰላ ግብሩ 6 ብር ነው። ያው ቤት ዛሬ በወር 5,000 ብር ያወጣል ተብሎ ቢገመት የዓመቱ 60,000 ብር ይደርሳል፤ በከፍተኛው 4.5 በመቶ ሲሰላ ግብሩ እስከ 2,700 ብር ይሄዳል። ኪራዩ 100 እጥፍ ሲያድግ ግብሩ እስከ 450 እጥፍ አደገ። ምጣኔው አልተነካም፣ ቤቱም ያው ቤት ነው። የተለወጠው ግምቱ ብቻ ነው። ግምቱ ሲያድግ ግን ቤቱን ከታችኛው እርከን አንሥቶ ላይኛው ላይ አስቀመጠው።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ለአሥርት ዓመታት በአሮጌው የኪራይ ግምት ስትሠራ ቆይታ በ2015 ዓ.ም. ግምቱን በአዲስ ጥናት አሻሻለች። ለመኖሪያ ቤቶች ከንግድ ቤቶች ይልቅ ሰፋ ያለ ቅናሽ ተደረገ። እንዲያም ሆኖ ክፍያው እንደ ዱብ ዕዳ የወረደባቸው ነዋሪዎች ብዙ ነበሩ፤ በጡረታ የሚተዳደሩና በድሮ ቤታቸው የሚኖሩ አረጋውያን ጭምር። ኢዜማ የተባለው የፖለቲካ ፓርቲ ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወሰደው። ክርክሩ ያረፈው «መቶኛው በዛ» በሚለው ላይ ሳይሆን በሥልጣን ላይ ነበር፤ አንድ ከተማ ግምቱን በራሱ ውሳኔ እንዲህ ሊያንረው ይችላል ወይስ ሕግ ሊወጣለት ይገባል?

ሕገ መንግሥቱ የንብረት ታክስን የመጣል ሥልጣን የማን እንደሆነ በስም አልጠቀሰም። አንቀጽ 99 ተለይተው ያልተሰጡ የግብር ሥልጣኖችን የፌዴሬሽን ምክር ቤትና የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንዲወስኑ ይላል። በ2015 በዚሁ መንገድ ሥልጣኑ ለክልሎች ሆነ። ከዚያ በጥር 2017 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅን አጸደቀ። ይህኛው እንደ 1968ቱ በኪራይ ላይ የቆመ አይደለም፤ መነሻው የንብረቱ ዋጋ ነው። በከተማ ቦታ የመጠቀም መብት ላይ ከ0.2 እስከ 1 በመቶ፣ በሕንፃ ላይ ከ0.1 እስከ 1 በመቶ የሚደርስ ወሰን አስቀምጧል።

የወሰኑ ስፋት ልብ ይባል። ታክስ የሚሰላበት ዋጋ ለቦታው 400,000፣ ለቤቱ 600,000 ብር ሆኖ የጸደቀ ንብረት በዝቅተኛው ምጣኔ 800 እና 600፣ በድምሩ 1,400 ብር ይከፍላል። በከፍተኛው ግን 10,000 ብር። ከሰባት እጥፍ በላይ የሆነ ልዩነት በክልል ውሳኔ እጅ ነው። በዚህ ላይ የገማቹ ቁጥር ሲደረብ፣ የአንድ ቤት ባለቤት ዕዳ የት ላይ እንደሚቆም አስቀድሞ መናገር ይከብዳል።

ታዲያ ገማች ዋጋን ከየት ያመጣል? በዓለም ላይ የተለመዱት መንገዶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው በቅርብ የተሸጡ አምሳያ ቤቶችን አይቶ ማመሳሰል ነው። ሁለተኛው ቤቱን ዛሬ እንደ አዲስ ለመሥራት የሚያስፈልገውን ወጪ አስልቶ እርጅናውን መቀነስ ነው። ሦስተኛው ቤቱ ከሚያስገኘው ኪራይ ተነሥቶ ዋጋው ላይ መድረስ ነው። አብዛኛው አገር ለመኖሪያ ቤት የመጀመሪያውን፣ ለንግድ ቤት ሦስተኛውን ይመርጣል፤ ሱቅ የሚገዛ ሰው የሚገዛው ግድግዳውን ሳይሆን ገቢውን ነውና።

እንግሊዝ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። መኖሪያ ቤቶች የሚመደቡት በሚያዝያ 1991 እ.ኤ.አ. በነበራቸው የሽያጭ ዋጋ ነው። ዛሬ የተሠራ ቤት እንኳ «ያኔ ቢኖር ኖሮ ስንት ያወጣ ነበር?» ተብሎ ወደ ኋላ ይገመታል። የንግድ ቤቶች ግን በኪራይ ዋጋቸው ይታያሉ፤ ግምቱም በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል። አንዱ አገር ለመራጩ ቤት የ1991ን ዋጋ አቅፎ ሲቀመጥ ለነጋዴው ቤት በየጊዜው ሜትሩን ይዘረጋል። ምክንያቱ ቴክኒክ ሳይሆን ፖለቲካ ነው፤ የመኖሪያ ቤት ግምት ማደስ የሚደፍር መንግሥት አልተገኘም። ካሊፎርኒያ በ1978 እ.ኤ.አ. በሕዝብ ድምፅ ባጸደቀችው ማሻሻያ ደግሞ የንብረት ታክሱን በ1 በመቶ ገደበች፤ የግምቱንም ዕድገት ቤቱ እስኪሸጥ ድረስ በዓመት ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ አደረገች። ውጤቱ ግድግዳ የሚጋሩ ሁለት ጎረቤቶች፣ አንዱ ቆየት ብሎ ስለገዛ ብቻ፣ የሰማይና የምድር ያህል የተራራቀ ታክስ የሚከፍሉበት ሆነ።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲ የመኖሪያና የንግድ ቤት ልዩነት በምጣኔው ላይ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. መኖሪያ ቤት በየ100 ዶላር ግምቱ 85 ሳንቲም ሲከፍል፣ የንግድ ሕንፃ እንደ ግምቱ ትልቅነት ከ1.65 እስከ 1.89 ዶላር ይከፍል ነበር። እዚያ ምግብ ቤት የከፈተ ኢትዮጵያዊ ቤቱን ተከራይቶ ቢሠራ እንኳ፣ አከራዩ ይህን ልዩነት በኪራይ ውሉ ውስጥ ወደ እሱ ሲያሻግረው ያገኘዋል። በንግድ ቤት ላይ የተጣለ ታክስ ባለቤቱ ዘንድ ቆሞ አይቀርም፤ ተንከባሎ ተከራዩ ላይ፣ ከዚያም የቡናው ዋጋ ላይ ያርፋል።

ወደ መሐል ሜዳ እንመለስ። ከባሕር ጠለል 3,000 ሜትርን ባለፈው በዚህ ደጋ፣ በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ ዋና ከተማ፣ «መኖሪያ» እና «ንግድ» የሚባሉት ሁለት ሣጥኖች የሚሠሩ አይመስሉም። ገማቹ ሜትሩንና ቅጹን ይዞ አንድ ግቢ ገባ እንበል። የመንገድ ዳሯ ክፍል ሱቅ ናት፤ ያለ ክርክር ንግድ ተብላ ተጻፈች። ከኋላ ያለው ቤተሰቡ የሚኖርበት ነው። ከጎኑ ሁለት ክፍሎች ለመምህራን ተከራይተዋል። ከጥግ ያለችው ክፍል ላይ ሲደርስ ቆም አለ።

«እማማ፣ ይቺኛዋስ ምንድን ናት?»

«እሷማ የልጄ መኝታ ናት። የገበያ ቀን ብቻ ጠላ እሸጥባታለሁ።»

በቅጹ ላይ ለዚህች ክፍል ቦታ የለም። በሳምንት ስድስት ቀን መኖሪያ፣ አንድ ቀን ንግድ ናት። ገማቹ የሚሰጠው ውሳኔ ግን ቀላል አይደለም። ግቢው በጠቅላላው 120 ካሬ ሜትር ቤት አለው፣ ከዚህ ውስጥ ሱቋ 24 ካሬ ነች ብለን እናስላ። በ1968ቱ አሠራር ለንግድ በካሬ በወር 100 ብር ኪራይ፣ ለመኖሪያ 30 ብር ቢገመት፣ ተለያይቶ ሲሰላ የወሩ ግምት 5,280 ብር ነው። «ግቢው የንግድ ነው» ተብሎ በአንድ ላይ ከተጻፈ 12,000 ይሆናል። ከእጥፍ በላይ ነው። ይህ ሁሉ የተለወጠው ቅጹ ላይ አንድ ምልክት የተደረገበት ሣጥን በመለወጡ ነው።

የባለቤቲቱ ቅሬታም አለ፤ «አንዱን ቤት ስንት ጊዜ ነው የምገብርለት?» ይላሉ። ከመምህራኑ ለሚያገኙት ኪራይ የኪራይ ገቢ ግብር፣ ማለትም ሠንጠረዥ «ለ» አለ፤ ለሱቋ የንግድ ትርፍ ግብር አለ፤ ለቤቱ ደግሞ ጣሪያና ግድግዳ። ሦስቱ በሕግ ዓይን የተለያዩ ናቸው፤ ሁለቱ ገቢን፣ አንዱ ንብረትን ይይዛሉ። ለከፋዩ ግን ሦስቱም የሚወጡት ከአንድ ኪስ ነው፤ ገማቹ ልዩነቱን በሁለት አረፍተ ነገር ቢያስረዳ ጊዜ አባከነ አይባልም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ መንዝን የሚያሳስበው ግን ድንጋዩ ነው።

የጣሪያና ግድግዳ ግምት ስሙ እንደሚለው የሚነሣው ከቤቱ አካል ነው። ጣሪያው ሣር ነው ቆርቆሮ? ግድግዳው ጭቃ ነው ብሎኬት ነው ድንጋይ? ወለሉ አፈር ነው ሊሾ? ኮርኒስ አለው ወይ? በአብዛኛው የአገሪቱ ከተማ ጭቃ ቤት የደኻ፣ ድንጋይ ቤት የባለጸጋ ምልክት ነው፤ በአዲስ አበባ ጥርብ ድንጋይ የለበሰ ግድግዳ ያለው ቤት በየትኛውም ሠንጠረዥ ከላይ ይመደባል። መንዝ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ደጋው ብርድ ነው፣ እንጨት ብርቅ ነው፣ ድንጋይ ግን ከማሳው ተለቅሞ የማያልቅ ነው። ስለዚህ እዚህ ድንጋይ የሚያቆመው ደኻው ጭምር ነው፤ ድንጋዩን በጭቃ እያያያዘ። ለእንጨት ማገርና ለምሰሶ የሚከፍል ገንዘብ ያለው ነው ሌላውን የሚመርጠው። ጣሪያውም እንዲሁ ነው፤ ጓሳ ከሚባለው የመንዝ ሣራማ ደጋ የሚመጣው ሣር ብርዱን ከቆርቆሮ በተሻለ ይመክታል፤ ሠንጠረዡ ግን ሣርን ሁሉ በአንድ ዓይን «ጎጆ» ብሎ ያያል።

ከሌላ ከተማ ተገልብጦ የመጣ መመዘኛ እዚህ ሲደርስ በጭቃ የተያያዘችውን የመበለት ቤት «ግድግዳ፦ ድንጋይ» ብሎ ከፍ ያደርጋታል፤ ከማዶ በብሎኬት የተሠራውን ባለ ብዙ ክፍል ቤት ከእሷ ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ገማቹ አልዋሸም፣ ጉቦም አልበላም። ሠንጠረዡ ነው የዋሸው። ከዚህ ወርደን ወደ መርሐቤቴ፣ ወደ ዓለም ከተማ ብንሄድ ደግሞ አየሩም የግንባታ ዕቃውም ይለወጣል፤ አንድ ዞን ውስጥ እንኳ ሁለት መመዘኛ ያስፈልጋል ማለት ነው።

ይህ ችግር መፍትሔ ያጣ አይደለም። የሴራሊዮን ዋና ከተማ ፍሪታውን በከንቲባ ዪቮን አኪ-ሳውየር ዘመን፣ ከ2019 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ባደረገችው ማሻሻያ፣ ቤት የሚሸጥበትን ዋጋ ማሳደዱን ትታ በነጥብ የሚሠራ መመዘኛ አበጀች። በሳተላይት ፎቶ ቤቶቹን ቆጠረች፤ ከዚያ ሠራተኞች ከውጭ ሆነው የሚታየውን መዘገቡ፤ ስፋቱን፣ የግድግዳና የጣሪያውን ጥራት፣ መስኮቱን፣ ሰፈሩን፣ መኪና የሚገባበት መንገድ አለው ወይ የሚለውን። እያንዳንዱ ነጥብ አለው። ነጥቡን ወደ ገንዘብ የሚለውጠው ቀመር በእውነተኛ ገበያ ዋጋ ከታወቁ ናሙና ቤቶች ተወሰደ። በመዝገብ ያሉት ቤቶች ከ57 ሺ ገደማ ወደ 120 ሺ ገደማ አደጉ። የደኻው ሰፈር ክፍያ ሲቀንስ በኮረብታው ላይ ያሉት ቪላዎች የሚከፍሉት አደገ።

የዘዴው ጥቅም ባለቤቱ ነጥቡን ራሱ መቁጠር መቻሉ ነው። በር ላይ ቆሞ «መንገድ የለኝም፣ ለምን መንገድ አለው ተባለ?» ማለት ይችላል። «ቤትህ 800 ሺ ያወጣል» ሲባል ግን የሚከራከርበት ነገር የለውም። የዘዴው ጉዳት ደግሞ መስኮት ሲቆጠር ሰው መስኮት መድፈኑ ነው። እንግሊዝ ከ1696 እስከ 1851 እ.ኤ.አ. በመስኮት ቁጥር ስታስገብር ባለቤቶች መስኮታቸውን በጡብ ይደፍኑ ነበር፤ ከእነዚያ የተደፈኑ መስኮቶች ዛሬም የሚታዩ አሉ።

በኢትዮጵያ ታሪክም የግምት ጠብ ከመቶኛ ጠብ የቀደመ ነው። ከጣሊያን መባረር በኋላ በ1934 እና በ1937 ዓ.ም. የወጡት የመሬት ግብር አዋጆች መሬትን ለም፣ ለም ጠፍ እና ጠፍ ብለው ከፍለው በጋሻ 15፣ 10 እና 5 ብር መደቡበት፤ ጎጃም፣ በጌምድርና ትግሬ ከዚህ ምደባ ውጭ ነበሩ። ከለም ወደ ጠፍ የወረደ መሬት ግብሩ ወደ ሲሶ ይወርድ ነበር፤ ስለዚህ ሰው ገንዘቡንና ወዳጁን የሚያወጣው ምጣኔውን ለማስቀነስ ሳይሆን መሬቱን «ጠፍ» ለማስባል ነበር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ የጎጃም ገበሬ ያመፀው ደግሞ በዋነኛነት ገማቹንና ልኬቱን ፈርቶ ነው፤ የተለካ ርስት የተነጠቀ ርስት ይሆናል ብሎ። መንግሥት በኋላ አፈገፈገ፤ ገዢው ደጃዝማች ጸሐዩ እንቁሥላሴም ከቦታቸው ተነሡ። ግብሩ ከመከፈሉ በፊት ግምቱ ነው የወደቀው።

መንዝ በበኩሉ በግልጽ ደንብ የመኖር ልምድ አለው። የአቅኚ አባቶቹ የአስቦና የጌራ ዘሮች የጓሳን ሣር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በጋራ ሲያስተዳድሩ፣ መቼ እንደሚዘጋና መቼ እንደሚታጨድ ሁሉም ያውቀው ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት አፈረሰው፤ ጓሳው ግን ዛሬም የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ አለ።

የአማራ ክልል በንብረት ታክሱ የሚከተለው ሕግ ወደ መሐል ሜዳ ሲወርድ ምን ይዞ መምጣት አለበት? አንደኛ፣ የነጥብና የዋጋ ሠንጠረዡ ገማቹ ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን በማዘጋጃ ቤቱ ሰሌዳ ላይ፣ በየቀበሌው፣ ሊነበብ በሚችል ፊደል ይለጠፍ። ሁለተኛ፣ «ድንጋይ» በሚለው አንድ ቃል ምትክ «በሲሚንቶ የተያያዘ» እና «በጭቃ የተያያዘ» የሚሉ ሁለት መስመሮች ይኑሩ። ሦስተኛ፣ መኖሪያና ንግድ በግቢ ሳይሆን በካሬ ሜትር ይለዩ፤ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ለምትሠራ ክፍልም መስመር ይኑራት። አራተኛ፣ ግምቱ የሚታደስበት ዓመት አስቀድሞ ይታወቅ፤ አርባ ዓመት ተኝቶ በአንድ ሌሊት መነሣት የከፋው መንገድ ስለሆነ።

አምስተኛው ቅሬታ ነው። በፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 አንድ ግብር ከፋይ የግብር ውሳኔ በደረሰው በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታውን ማቅረብ፣ በዚያ ካልረካ በ30 ቀን ውስጥ ወደ ይግባኝ ኮሚሽን መሄድ ይችላል፤ ለይግባኙ ግን ከተከራከረበት ታክስ ግማሹን ማስያዝ አለበት። ለከተማ ቤት ግምት እንዲህ ያለ ማስያዣ ቢጠየቅ ጠላ የሚሸጡት እናት ይግባኝ አይሉም፤ ይከፍላሉ፤ ወይም ይወዘፋሉ፤ ክሊራንስ ባስፈለጋቸው ቀን ዕዳው ተደራርቦ ይጠብቃቸዋል። ስለዚህ የቤት ግምት ቅሬታ ያለ ማስያዣ፣ በከተማው ውስጥ፣ ቤቱ ድረስ ሄዶ በሚያይ ኮሚቴ ቢሰማ ይሻላል።

ከዚህ አዳራሽ የሚወጣ ሰው ዛሬውኑ ሊያደርገው የሚችለውም አለ። ካርታውን አውጥቶ በላዩ የሰፈረውን የቦታ ስፋት ከግቢው ጋር ያመሳክር፤ ልዩነት ካለ ገማች ከመምጣቱ በፊት ያስተካክል። የቤቱን ክፍሎች በሜትር ይለካ፤ የትኛዋ ለምን እንደምትውል ይጻፍ። የከፈለበትን ደረሰኝ በዓመት ቅደም ተከተል ያስቀምጥ። ገማቹ በመጣ ጊዜ የሞላውን ቅጽ አንድ ቅጂ ይጠይቅ፤ ግድግዳው ምን ተብሎ እንደተጻፈም በዚያው ቆሞ ያንብበው።